በአገልግሎት ላይ ያለ መንገድ

ሟቹ ጢሙን ተላጭቶ ነበር የመጣው። በሥራዬ ብዙ ሬሳ አይቻለሁ፤ እንዲህ ተሰናድቶ የሞተ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ ጎንበስ ስል ሽቶ ሸተተኝ። በጀርባው ተዘርግቶ ራሱ የአንድ ቤት ደጃፍ ድንጋይ ጠርዝ ላይ አርፏል። ከጆሮው ኋላ ተሰንጥቆ የፈሰሰው ደም ረግቷል።

"ኢንስፔክተር፣ ይሄ ሰውዬ ወይ ሙሽራ ነው ወይ የሙሽራ አባት" አለችኝ ሳጅኗ። አብራኝ መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ አፏ አያርፍም፣ ዓይኗም አያርፍም።

"መታወቂያውን እዪ።"

"የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ። ስልሳ ሊሞላው አምስት ቀን ቀርቶታል። ምስኪን፣ ጡረታውን እንኳ ሳያያት።"

ኪሱን ፈተሽን። መሐረብ፣ ቁልፍ፣ መነጽር። የእጅ ሰዓቱ እጁ ላይ እየሠራ ነው፤ ስለዚህ ሌባ አይደለም። የሸሚዙ ደረት ግን በሁለት ቦታ ተጨማዷል፣ ሰው በሁለት መዳፉ እንደገፋው ያስታውቃል።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። የቆምንበት መንገድ ከዋናው ጎዳና ተነስቶ ዘጠና ሜትር ያህል ይሄድና የድሮው አውቶቡስ መናኸሪያ በር ላይ ያልቃል። መናኸሪያው ከተዛወረ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በሩ በሰንሰለት ተጠፍሯል። መኪና አይገባ፣ ሰው አያልፍ፤ ድንጋዩን ሣር ውጦታል። በስተቀኝ የአንድ አናጺ ግቢ አለ፣ በስተግራ ደግሞ ሬሳው የተገኘበት የልብስ ሰፊዋ ቤት። የመንገዱ መግቢያ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ ይህ መንገድ አገልግሎት የማይሰጥ ሆኖ ስለተገኘ ከመንገድነት ተሰርዞ ለአጎራባች ባለይዞታ ይሰጣል፤ ተቃዋሚ ካለ በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመልክት።

ቀኑን ቆጠርኩ። ሠላሳኛው ቀን ዛሬ ነበር።

ሬሳውን ያገኘችው የመንገድ ጠራጊዋ ነች። መጥረጊያዋን እንደ ምርኩዝ ተደግፋ ጠበቀችን።

"አሥራ ሁለት ተኩል ይሆናል" አለች። "እትዬ ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ደብዳቤ አድርሺልኝ ብለውኝ ነበር። የተቃውሞውን። ልቀበላቸው ስመጣ እሱን አየሁት። ጮኼ በመስኮት ልጠራቸው ብል መስኮቱ ዝግ ነው።"

"ዝግ መሆኑ ምን ይገርማል?"

"ይገርማል እንጂ ጌታዬ! እትዬ መስኮት አይዘጉም። ሲዘንብ ካልሆነ በቀር ክረምት ከበጋ ክፍት ነው።"

መስኮቱን አየሁት። ወደ ውጭ የሚከፈት ባለ ሁለት ክንፍ የእንጨት መስኮት ነው፤ መንጠቆው በውጭ በኩል ነው። ተዘግቶ፣ መንጠቆውም ገብቷል። ይህንን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና ወዲያው ረሳሁት፤ እውነቱን መናገር ይሻላል።

ሳጅኗ ግን ሣሩ ላይ ቁጢጥ ብላ ነበር። "ና እስቲ እይልኝ፣ ኢንስፔክተር።"

ሣሩ መሐል የተገለጠ አፈር አለ። እንደ ተለመደው የእግር መንገድ የተያያዘ አይደለም። የጫማ ያህል እየሆነ፣ አንድ በቀኝ አንድ በግራ፣ እየተዘለለ ነው የሄደው። ከዋናው ጎዳና ተነስቶ እስከ ተቆለፈው በር ድረስ ይሄዳል፣ ዞሮ ይመለሳል። ወደ ማንም ደጅ አይታጠፍም። እኔ ልረግጠው ሞከርኩ፤ ሦስተኛው ላይ እግሬ ሳተ። ሳጅኗ እንደ ሕፃን እየዘለለች አራት ደረሰች።

"አንድ ሰው ነው" አለች እየሳቀች። "ብዙ ሰው ቢሄድበት ኖሮ ይደባለቅ ነበር። አንድ ሰው ለዓመታት፣ በየቀኑ፣ እዚያው እዚያው ላይ እየረገጠ።"

"ወደ ተቆለፈ በር?"

"እብድ ይሆናላ።"

ሬሳው ከዚያ ዱካ በአራት እርምጃ ርቆ ነበር የወደቀው። ጤዛው ላይ የእግሩ ምልክት ቀጥ ብሎ መጥቶ ወደ ልብስ ሰፊዋ በር ይታጠፋል።

አናጺው ደረቱን ነፍቶ ነው የተቀበለን፤ ጺሙ ውስጥ ሰጋቱራ አለ። መንገዱ እንዲሰጠው ያመለከተው እሱ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቀያሹ ጋር አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ምንም እንዳልቀራቸው ጠራጊዋ ነግራናለች።

"ሬሳህን ረግጬም ቢሆን ይህንን መንገድ እወስደዋለሁ ብለኸዋል" አልኩት።

"ብዬዋለሁ። አፍ ነዋ! አፍ ሲናደድ ምን ያውቃል? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህ ሰውዬ ወረቀቴን ሲያስጥልብኝ! እንጨቴ ዝናብ እየመታው ይበሰብሳል፣ እዚህ ዘጠና ሜትር ሣር ያለ ሥራ ተኝቷል። ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሦስት ጊዜ ‘በአገልግሎት ላይ ያለ መንገድ ነው’ ብሎ ጽፏል። የማን አገልግሎት? የፌንጣ?"

"ዛሬ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ተኩል የት ነበርክ?"

"ከሬሳ ጋር።"

ሳጅኗ እስክርቢቶዋን አቆመች።

"የሬሳ ሣጥን ላደርስ ሄጄ ነው!" አለ ተናዶ። "ከአሥራ አንድ ጀምሮ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ቁመቱን ተሳስተው ነግረውኝ ሣጥኑ አጠረ። ያንን ሳስተካክል ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አለፈ። ሃያ ሰው አይቶኛል፤ ሟቹን ሳንቆጥር።"

አጣራን። እንዳለውም ነበር። እንዲያውም የለቅሶ ቤቱ ሟች ወንድም ስለ ሣጥኑ ማጠር ሲናገር እንባውና ንዴቱ ተደባልቆበት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ልብስ ሰፊዋ አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነው። ከስምንት ወር በፊት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ስፌት መኪናቸው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል፣ አጠገቡም አንድ ምርኩዝ። ክፍሉ ጨለማ ስለነበር ሳጅኗ ወጥታ መስኮቱን ከፈተችው፤ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሲወድቅ ስልሳ ያልሞላቸው፣ አንድ ጊዜ በጣም ቆንጆ የነበሩ ሴት አየሁ። ፀጉራቸው ተበጥሮ ተጎንጉኗል። ንጹሕ ሻሽ አስረዋል።

"ምን ሰሙ፣ እትዬ?"

"ምንም። እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር።"

"ሰው ሞቷል። የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ነው።"

ዓይናቸውን ከኔ አላነሱም፤ እጃቸው ግን ብርድ ልብሱን ጨበጠ። ብዙ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ወሬ እንዴት ሞተ ይላል፣ ማን ገደለው ይላል። እሳቸው ቆይተው የጠየቁኝ ሌላ ነው።

"ምን ለብሶ ነበር?"

"ነጭ ሸሚዝ። የተተኮሰ።"

"ይሁን" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጃቸው ሁለት ሰዓት ላይ እየሮጠች መጣች። በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለች፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ነጭ ጋዎኗን እንኳ ያላወለቀች ልጅ ናት። እናቷን አቅፋ ግንባራቸውን ሳመች። እናትየው አልከለከሏትም፣ አላቀፏትምም።

"ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ ነው የምመጣው" አለችኝ ደጅ አውጥቼ ስጠይቃት። "ዛሬ ከቤቴ ቀጥታ ወደ ሥራ ነው የሄድኩት። አንድ ሰዓት ላይ ከፍቻለሁ፤ አለቃዬን ጠይቁ።"

"ሟቹን ታውቂዋለሽ?"

"አላውቀውም።" ከዚያ ሳልጠይቃት ቀጠለች። "ይህ መንገድ ቢዘጋ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽዎትም። አባቴ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሥራ ልፈልግ ብሎ በዚህ በኩል ወደ መናኸሪያው ሄደ። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ደብዳቤም የለ፣ ወሬም የለ። እማዬ ያንን መስኮት ከፍታ ትጠብቀዋለች። ማታ ማታ ፀጉሬን አበጥሪልኝ ትለኛለች፤ ጠዋት የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል። ቤቴ ሦስት ክፍል አለው፣ ነይ አብረን እንኑር ብያት እግሯን ሳምኩ። ‘መንገዱ እያለማ እንዴት ትቼው’ ትለኛለች።"

ሚስቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ የምጠብቀው ነገር እንደሌለ ሐኪም ፈርሞ ሰጥቶኛል። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ቀን የሕንጻችንን አሳንሰር ድምፅ ስሰማ ቀና እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ፊርማ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞከርኩና ተውኩት።

ማዘጋጃ ቤት የሄድነው አራት ሰዓት ላይ ነው። የመዝገብ ቤቱን ሽማግሌ ‘አቧራው’ ይሉታል፤ ስሙን እሱም የረሳው ይመስላል። ቀያሹ ሞተ ስንለው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና መነጽሩን አውልቆ ረጅም ሰዓት ጠረገው።

"ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን" አለ። "ሰው ሜትር ይዞ የሚለካውን እሱ በእግሩ ይለካ ነበር። ሰባ አምስት ሳንቲ! ቢታመም፣ ቢቸኩል፣ ዳገት ቢወጣ፣ ሰባ አምስት ሳንቲ ነው። እግሩ ሜትር ነው እንል ነበር።"

ሳጅኗ ቀስ ብላ ማስታወሻዋን ገልጣ አሳየችኝ። ጠዋት በሣሩ ውስጥ ያለውን ዱካ ለክታው ነበር። ሰባ አምስት፣ ሰባ አምስት፣ ሰባ አምስት።

"ትዳር ነበረው?"

"የለውም። አግባ ስንለው ‘ጠዋት ጠዋት ሥራ አለብኝ’ ይል ነበር። ቀልድ ነበር የሚመስለን።" ሽማግሌው ፋይሉን አወጣ። "ይኸው። ሦስት ጊዜ መንገዱ ይሰረዝ ተብሎ ሦስት ጊዜ የጻፈው። ‘መንገዱ በየቀኑ በእግረኛ ይኬድበታል፤ በአገልግሎት ላይ ያለ ነው።’ አሁን አዲሱ ኃላፊ ሪፖርቱን ትቶ ማስታወቂያውን አስለጠፈ። ይሄን ጊዜ ሰውዬው ዋሽቶ ነበር እንዴ ብዬ አዘንኩበት። በዕድሜው ሁሉ ውሸት ጽፎ አያውቅማ።"

"አልዋሸም" አልኩት።

እውነትም አልዋሸም። መንገዱ ካልተኬደበት ይዘጋል፤ እየተኬደበት ነው ብሎ እንዳይጽፍ ደግሞ ውሸት ይሆንበታል። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት፣ በየማለዳው፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት ራሱ ሄደበት። ሰው ለፍቅር ሲዘፍንም ሲሰክርም አይቻለሁ። ሪፖርቱ እውነት እንዲሆንለት ሲል በጫማው ሣር የጨረሰ ሰው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስንመለስ አናጺው በሩ ላይ ቆሟል። ጠዋት ጽፌ የረሳሁት ነገር አሁን ይቆጠቁጠኝ ጀመር። መስኮቱን አሳየሁት።

"ትናንት ማታ ክፍት ነበር?"

"ሱቄን ስዘጋ ክፍት ነበር። ሴትዮዋን እንደምን አመሹ ብያቸዋለሁ፤ መንገዳቸውን ብወስድም ሰላምታዬን አልወስድም።"

"ሳጅን፣ እስቲ ዝጊው።"

ሳጅኗ ገፋችው። አንደኛው ክንፍ ግማሽ ላይ ተሰነቀረ። ትከሻዋን ሰጠችው፤ እምቢ አለ። አናጺው ተናዶ መጣ።

"አትስበሪው! ማጠፊያው ወርዷል። በጉልበትሽ ከሥር ከፍ አድርገሽ፣ በግራ እጅሽ ወደ ራስሽ ስበሽ ነው የሚገጥመው። እኔ ራሴ ልሠራላቸው መጥቼ ታግዬ ትቼዋለሁ። የምትችለው ልጃቸው ብቻ ነች፤ ሲዘንብ እየሮጠች መጥታ የምትዘጋው እሷ ናት።"

ሳጅኗ ወደኔ ዞረች።

ነፍሰ ገዳይ ሬሳ ጥሎ ሲሄድ መስኮት አይዘጋም፤ ይሮጣል። ቆሞ፣ ጉልበቱን አስደግፎ፣ ድምፅ ሳያሰማ መስኮት የሚዘጋ ሰው ውስጥ ላለው ሰው የሚሳሳ ነው። ሲነጋ ቀና ብላ ይህንን እንዳታይ ያለ ነው። ምነው ባላወቅኩት ብዬ ተመኘሁ።

ልጅቷ እናቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው።

"መስኮቱን ለምን ዘጋሽው?" አልኳት።

ብዙ አልቆየችም። ጠዋት ሙሉ ይህንን ጥያቄ ስትጠብቅ የዋለች ነው የምትመስለው።

"እንዳታየው ብዬ" አለች።

ሳጅኗ በሩን ገጠም አደረገችው። ልጅቷ እኔን አላየችም፤ የምታወራው ለእናቷ ነበር።

"ደብዳቤውን ልወስድብሽ ነው የመጣሁት፣ እማዬ። ጠራጊዋ ሳትመጣ። ዛሬ ካለፈ መንገዱ ይዘጋል፣ አንቺም ታርፊያለሽ ብዬ። በጓሮ ገባሁ፣ የተኛሽ መሰለኝ፣ ከትራስሽ ሥር ወሰድኩት። በጓሮው ወጥቼ ስዞር ሰውዬው ደጅሽ ላይ ቆሟል። እጁን ሊያንኳኳ አንስቷል። ሽቶ ተቀብቶ! በየጠዋቱ ኮቴ ሰማሁ የምትይው እሱ ነበር ማለት ነው። አባቴ የመጣ እያስመሰለ ያታልልሻል አልኩ። ‘ተዋት፣ ይበቃታል’ አልኩት። ‘አንድ ነገር ብቻ ነግሬያት እሄዳለሁ’ አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት። አንገቱን ዳሰስኩ፣ ትርታ የለውም። እኔ ገዳይ አይደለሁም፣ እማዬ።"

"ሰምቻለሁ" አሉ እናትየው።

"ተኝተሽ ነበር…"

"አልተኛሁም። ደብዳቤውን ስትወስጂም አልተኛሁም፤ ሲነጋ ሌላ እጽፋለሁ ብዬ ዝም አልኩሽ። ድምፅሽን ሰምቻለሁ። ሲወድቅም ሰምቻለሁ። ልነሳ ብዬ እግሬ እምቢ አለኝ።" ወደኔ ዞሩ። "ዋሽቼሃለሁ፣ ልጄ። እናት ነኝ።"

"እማዬ፣ ኮቴው የአባዬ አልነበረም" አለች ልጅቷ እያለቀሰች። "አንድም ቀን!"

"ይህንን ለኔ ትነግሪኛለሽ? አባትሽ ሲራመድ አንድ እግሩን ይጎትት ነበር። በሦስት ቤት ርቀት አውቀዋለሁ። የሱ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ።"

እናትየው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"መንገዱን ሊለካ መጥቶ ውኃ ለመነኝ" አሉ ልብስ ሰፊዋ። "አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ‘በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው አለ?’ አለኝ። ‘ባሌ ሄዶበታል፣ ሲመጣም በዚሁ ነው፤ አትዝጉብኝ’ አልኩት። ውኃውን ጠጥቶ አመስግኖኝ ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት ኮቴውን ሰማሁ። በማግሥቱም። በማግሥቱም። አንድም ቀን ቀና ብሎ አላየኝም፤ የሰው ሚስት ነኛ። እኔም አልጠራሁትም፤ የሰው ሚስት ነኛ። አባትሽን መጠበቅ ከተውኩ ስንት ዓመቴ መሰለሽ? የተበጠርኩት ለማን መሰለሽ? ዛሬ ኮቴው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ በሬ ሲመጣ ሰማሁት፣ ልጄ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ መጥቶ ቆመ። ግባ ልለው አፌን ከፈትኩ።"

ልጅቷ ወለሉ ላይ ወርዳ ፊቷን እናቷ ጉልበት ውስጥ ቀበረች። አሁን እጃቸው ተነሳና ራሷ ላይ አረፈ። ሊነግራቸው የመጣው ምን እንደነበር አንዳችንም አናውቅም። ምናልባት ስለ ደብዳቤው ብቻ ነበር። አይመስለኝም።

ጊዜ ሰጠኋቸው። ደንቡ አይፈቅድም፤ ይሁን። በመጨረሻ ሳጅኗ ልጅቷን ክንዷን ይዛ አነሳቻት። ልጅቷ ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈውን ደብዳቤ አልጋው ላይ አኖረችው።

"ቅደጂው፣ እማዬ። አሁን ለማን ብለሽ ነው?"

ልብስ ሰፊዋ ደብዳቤውን አንስተው ለኔ ሰጡኝ። "ዛሬ ቢሮ ሳይዘጉ አድርስልኝ።"

"እትዬ፣ ከእንግዲህ…"

"አድርስልኝ አልኩህ። አሁን የምጠብቀው ሰው አለኝ።"

ልጅቷን ይዘን ወጣን። መሐል መንገድ ላይ ስንደርስ ከኋላችን የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ። ስምንት ወር ከአልጋ ያልወረዱት ሴት ግድግዳውን ትተው፣ ባዶ እግራቸውን ሣሩ ላይ ቆመዋል። ሳጅኗ ልትመልሳቸው ስትል ያዝኳት። አንድ እርምጃ ተራመዱ፣ አረፉ፣ ሌላ ተራመዱ። አናጺው ከበሩ ሮጦ ክንዱን ሊሰጣቸው ሲመጣ በእጃቸው ከለከሉት። እስከ ዋናው ጎዳና ድረስ ጠበቅናቸው። ላብ በግንባራቸው እየወረደ ደርሰው የልጃቸውን ፊት በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉላት።

"ስትመጪ በዚሁ ነይ" አሏት።